ከረጢቱን ማን ይያዘው

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ወርዳችሁ ቢልቂስ ጀማሉዲንን ብትጠይቁ ግማሹ ሰው "ፎቶ ኮፒዋ ልጅ?" ይላችኋል፤ ግማሹ ደግሞ "ያቺ እምቢተኛ?" ይላችኋል። ሁለቱም ልክ ነው። እኔ አራጋው እባላለሁ፤ ከሱቋ አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ቺፑድ ስለሆነ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ባስነጠሰች ቁጥር "ይማርሽ" እያልኩ ኖሬያለሁ። ስለ እሷ የሚወራውን ሁሉ ሰምቼ እንዳልሰማ አልፍ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ደንበኛ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ "ያቺ በዕቃ ዕቃ ጨዋታ አዳራሽ ያስነጠቀች ሴትዮ ጎረቤትህ ናት አሉ" ሲለኝ መቀሴን አስቀመጥኩ። ተቀመጥ አልኩት፤ ተቀመጠ። ለእሱ የነገርኩትን ነው ለእናንተም የምነግራችሁ።

ቢልቂስ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ታባዛለች፣ ትጠርዛለች፣ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ መታወቂያ ላሚኔት ታደርጋለች። በእጇ የሚያልፍ ወረቀት ሳታነበው አያልፍም። የሰው ክስ ታነባለች፣ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ ታነባለች፤ ፊደል ተሳስቶ ካየችም ሳትጠየቅ ታርማለች፤ በዚህ የተነሣ የተቀየማት ሰው ብዙ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መቶ ሃያ ገጽ እንግሊዝኛ በፍላሽ ይዞ መጣና "አትሚልኝ፣ ነገ እወስደዋለሁ" ብሎ ሄደ። ሄዶ ቀረ። ቢልቂስ አንድ ወር ጠበቀችው፤ ከዚያ ጠረዘችው፤ ከዚያ መዝገበ ቃላት አጠገቧ አስቀምጣ ማንበብ ጀመረች።

የጨዋታ ደንብ ነበር። አንድ ሰው አጫዋች ይሆናል፤ አገሩን፣ መንገዱን፣ አየሩን፣ በመንገድ የሚያጋጥመውን ሰው ሁሉ የሚናገረው እሱ ነው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው ታሪኩ ውስጥ ያለ አንድ ሰው ይሆኑና "እንዲህ አደርጋለሁ፣ እንዲህ እላለሁ" ይላሉ። ያሉት ነገር ይሳካ አይሳካ ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል። በቃ ይኸው ነው። ኳስ የለው፣ ካርታ የለው፣ ወሬ ነው፤ ግን ደንብ ያለው ወሬ። ወሬና ደንብ ደግሞ ቢልቂስ ከምግብ አስበልጣ የምትወዳቸው ነገሮች ናቸው።

መጽሐፉ ውስጥ የነበሩት ዘንዶና የድንጋይ ግንብ ናቸው። እነሱን አወጣችና በምትካቸው ሲራራ አስገባች፤ በቅሎ ጭነው ከደጋ ወደ ቆላ ወርደው ጨው ይዘው የሚመለሱ የድሮ ነጋዴዎች። ጨዋታውንም ሲራራ አለችው። ዳይሱ ግን እናቷ ዘንድ አላለፈም። እማማ መርየም ዳይሱን ቤታቸው ውስጥ ሲያዩ "ቁማር? እኔ ቤት?" አሉ። "ዕጣስ እማ?" አለች ቢልቂስ። "ዕጣማ እቁባችንም አለው" አሉ እማማ። እሷም ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር ጽፋ፣ ላሚኔት አድርጋ፣ አራት ማዕዘን አድርጋ ቆርጣ ወደ እኔ መጣች።

"ጋሼ፣ ከረጢት ስፋልኝ። እጅ የሚያስገባ፣ ዓይን የማያስገባ።"

ከካኪ ሱሪ ትርፍ ሰፋሁላት፣ አፉ ላይ ላስቲክ አደረግኩበት። "ለምንሽ ነው?" ብዬ ጠየቅኳት። ያቺ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ያለውን እሑድ ሁሉ ከእኔ ወሰደች።

ተጫዋቾቹ ሦስት ነን። እኔ በጨዋታው በቅሎ ነጂ ነኝ፤ ፈሪ በቅሎ ነጂ፣ በገዛ ምርጫዬ። ተውፊቅ ባጃጅ የሚነዳ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነው፤ እሱ የጭነቱ ጠባቂ ነው፣ ባለ ሰይፍ። ሦስተኛዋ እትዬ ፀሐይነሽ ናቸው። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። አንድ ቀን የጡረታ ወረቀት ሊያስባዙ ደሴ ወጥተው መብራት ጠፋ። እስኪመጣ ድረስ ተቀምጠው ስንጫወት አዩንና መብራቱ ሲመጣ ወረቀታቸውን ረስተው "እኔስ ማን ልሁን?" አሉ። የጭነቱ አለቃ፣ ነጋድራሷ፣ እሳቸው ሆኑ። ከዚያ ጀምሮ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሚኒባስ ይዘው ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ጥምዝምዝ መንገድ ወጥተው ይመጣሉ።

የቸገረን ቦታ ነበር። ባለ ሻይ ቤቱ አንድ ሻይ ይዛችሁ ሦስት ሰዓት ተቀመጣችሁ እያለ አባረረን፤ እማማ መርየም ቤት ደግሞ እሑድ እንግዳ አይጠፋም፤ የእኔና የእሷ ሱቅ እያንዳንዱ ሁለት ሰው ካስገባ ሦስተኛው ደጅ ነው። በኋላ አንድ የንባብ ማኅበር እሑድ ከሰዓት ባዶ የሚሆን ክፍል እንዳለው ሰማን። ሰብሳቢው አቶ ወንድምአገኘሁ "ወጣቶች ሲሰባሰቡ ለሪፖርትም ጥሩ ነው" ብለው ፈቀዱልን። እኔ አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እትዬ ፀሐይነሽ ስድሳ ሦስት። ወጣት ተብለን ተመዘገብን። ክፍሉ መስኮቱ ወደ ጦሳ ተራራ ነው፤ ክረምት ላይ ጉሙ እስከ መስታወቱ ድረስ ይመጣል፤ ረጅም ጠረጴዛ አለው። ቢልቂስ የጠረጴዛው ራስ ላይ ስትቀመጥ ሱቅ ውስጥ የማውቃት ሴት አትመስልም ነበር። የክፍሉን ቁልፍ ደግሞ ከቤቷ ቁልፍ ጋር አንገቷ ላይ አንጠልጥላው ነበር የምትሄደው።

አሁን ሐቁን ልናገር፤ ቢልቂስ በመጀመሪያው ዓመት አምባገነን ነበረች። ስትተርክ አፍ ታስከፍታለች፤ ጉሙን ስትነግረን እኔ ኮሌታዬን ቀና አደርጋለሁ። ግን ሁሉን ቀድማ ጽፋ ነው የምትመጣው፤ እኛም ከጻፈችው እንዳንወጣ ትፈልጋለች። "ወደ ግራ እንሂድ" ስንል ግራው በናዳ ተዘግቷል። "እንመለስ" ስንል ድልድዩ ፈርሷል። ወሎ ተወልጄ ስኖር በአንድ ዓመት ውስጥ ያን ያህል ናዳ አይቼ አላውቅም። እንጨቃጨቃለን፣ እናኮርፋለን፣ በመጨረሻ እሷ ያለችው ቦታ እንደርሳለን። ደግነቱ የጭንቅ ጊዜ ዕጣችን ያምር ነበር። ዕጣ የምታወጣው አጫዋቿ ናት፣ ይኼም የእሷ ደንብ ነው፤ እንደምንሞት ስናውቅ እጇን ትከትና አሥራ ዘጠኝ ታወጣለች። ተውፊቅ አንድ ጊዜ በገመድ ድልድይ ላይ ሽፍታ እያባረረው ሲሮጥ ሃያ ወጣለት። ባጃጅ ተራ ላይ ለስንት ሰው እንደተረከው እሱም አያውቀውም።

ከዚያ የቡዜ ነገር መጣ። ቡዜ በጨዋታው ውስጥ የበረሃውን በር የያዘ ሽፍታ ነው። ተውፊቅ ውሃ ዳር በተነሣ ጠብ የቡዜን ወንድም ገደለ። ቡዜ መንገዱን ዘጋ፤ ጨው የለም፣ መመለስም የለም። ቢልቂስ በዚያ እሑድ አርባ ገጽ ይዛ መጣች፤ ታላቅ ጦርነት ጽፋለች፤ ማን በየት እንደሚገባ፣ የትኛው ገደል ላይ ምን እንደሚሆን ሁሉ ተሰናድቷል። ዓይኗ ያበራ ነበር።

እትዬ ፀሐይነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉና "አበጋር እልካለሁ" አሉ።

ለማያውቅ ሰው፣ አበጋር ማለት ወሎ ውስጥ ደም ሲፈስ ደም የሚያደርቅ ሽማግሌ ነው። ከአባት ከአያት ይወረሳል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ይሰማዋል። እትዬ ፀሐይነሽ ሰው ተገድሎ ሲሰሙ መጀመሪያ የሚመጣላቸው ይኸው ነው፤ መጽሐፉን የጻፈው ፈረንጅ ግን አላሰበበትም።

"ቡዜ ሽማግሌ አይቀበልም" አለች ቢልቂስ።

"ማን አለ? መጽሐፉ ነው ወይስ አንቺ?"

"እኔ ነኝ። እትዬ፣ አርባ ገጽ ጽፌያለሁ።"

"ልጄ" አሉ እትዬ ፀሐይነሽ፣ ቀስ ብለው። "እኔ ጦርነቱ ኮምቦልቻ የገባ ጊዜ እዚያው ነበርኩ። አልጋ ሥር ተኝቼ ነው ያለፈኝ። አሁን ቁጥር ሰጥተሽ አትድገሚብኝ።"

ቢልቂስ ፊቷ ቀላ። "እሺ፣ ዕጣ ይፍረደና" አለች፤ "አሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ ከወጣ ይቀበላል።" እጇን ከተተች፣ አወጣች። ሦስት። "አልተቀበለም" ብላ አርባውን ገጽ መግለጥ ጀመረች።

ፈጠነች። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ "ላስቲኩ የላላ መሰለኝ፣ እስቲ አምጪው" አልኩና ከረጢቱን ወሰድኩ። እጄን አስገባሁ። የእኔ ጣት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጨርቅ ውስጥ የጠፋ መርፌ ሲፈልግ የኖረ ጣት ነው። አንዳንዱ ዕጣ አንዱ ማዕዘኑ ትንሽ ተቆርጧል፤ አንዳንዱ ሙሉ ነው። የተቆረጡትን ብቻ እየመረጥኩ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። አሥራ ሰባት። ሃያ። አሥራ አምስት። አሥራ ዘጠኝ። አሥራ ስድስት። አሥራ ስምንት። አንዲት ትንሽ ቁጥር አልነበረችባቸውም።

ተውፊቅ ዕጣዎቹን አየ፣ ከዚያ ቢልቂስን አየ። "ድልድዩ ላይ ሃያ የወጣልኝ?"

"እንዳትሞት ብዬ ነው።"

"ታዲያ እኔ ምን ሠራሁ?"

"ላዝናናችሁ ብዬ ነው፣ ወላሂ። ስትስቅ ደስ ስለሚለኝ ነው።"

"ስድስት ወር ሙሉ ለሰው ሳወራው ኖርኩ" አለ ተውፊቅ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ቢኖር ይሻል ነበር። "ያለፍኩት እኔ መስሎኝ።"

እትዬ ፀሐይነሽ ተነሡ። "እኔ የሐረጎን መንገድ የምወጣው ተረት ላዳምጥ አይደለም" አሉ። "ለተረትማ ሬዲዮም አለኝ።" ሚኒባሳቸውን ይዘው ወረዱ። ተውፊቅም ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል ወጣ። እኔም ተናድጄ ነበር፤ መዝጋቱን ለእሷ ትቼ ሄድኩ።

ሳምንቱን ሙሉ በቺፑዱ በኩል ዝምታዋን ስሰማ ሰነበትኩ። ማሽኑ ይሠራል፣ ደንበኛ ይገባል ይወጣል፤ ማንንም ግን አላረመችም። አንድ ሰውዬ "ክቡር" የሚለውን ቃል አበላሽቶ ያስጻፈውን ማመልከቻ እንዳለ አትማ ሰጠችው። ያን ጊዜ ደነገጥኩ። ሐሙስ ዕለት ግድግዳው ተንኳኳ፤ መጣች፤ ልብስ መተኮሻ ጠረጴዛዬ ላይ ሃያ አዲስ ዕጣዎች ዘረገፈች። በብልቃጥ ክዳን ለክታ ክብ አድርጋ ቆርጣቸዋለች፤ ማዕዘን የሚባል ነገር የላቸውም።

"እጅህን አስገባና ፈትሽ" አለች። "ከዚያ ሌላ ከረጢት ስፋልኝ።"

ዓይኔን ጨፍኜ ፈተሽኩ። አንዱ ከሌላው አይለይም።

"ፈርቼ ነው ጋሼ" አለች። "ከተሸነፋችሁ፣ ከሰለቻችሁ፣ እሑድ ትቀራላችሁ ብዬ። እኔ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ወረቀት ሳባዛ ነው የምውለው። ከእሑድ ሌላ የራሴ ምን አለኝ?"

"አብሽሪ" አልኳት። ከረጢቱንም ከአዲስ ጨርቅ ሰፋሁላት።

ቅዳሜ ሁለታችንም ሱቅ ዘግተን ኮምቦልቻ ወረድን። ከደሴ ብርድ ወጥተን እዚያ ሙቀት ውስጥ ስንገባ ሹራቤን አውልቄ ትከሻዬ ላይ ጣልኩ። ቢልቂስ ከረጢቱን በሁለት እጇ ለእትዬ ፀሐይነሽ ሰጠች። "እርስዎ ይያዙት። ከዛሬ ወዲያ እኔ እጄን አላስገባም፤ ያወጣው ራሱ የሚጫወተው ሰው ነው።" እትዬ ፀሐይነሽ ዕጣዎቹን አንድ በአንድ አገላብጠው አዩ፤ ቆጠሯቸው።

"ናዳውስ? ድልድዩስ?" አሉ።

"የምትሄዱበት መንገድ ሁሉ ክፍት ነው።"

"አርባ ገጹንስ የት አደረግሽው?"

"ጀርባው ንጹሕ ነው፤ ማመልከቻ እያተምኩበት ነው።" ይኼ እውነት ነው። ደሴ ውስጥ ካሉት ቢሮዎች በአንዱ፣ ጀርባው ላይ ጦርነት የተጻፈበት የውሃ ቆጣሪ ማመልከቻ ዛሬም ፋይል ውስጥ አለ። እትዬ ፀሐይነሽ ሳቁና ምሳ ካልበላችሁ አትሄዱም አሉን። ተውፊቅን ለመመለስ ሁለት ሳምንት ፈጀብን፤ ሲመለስ መጀመሪያ ያደረገው ከረጢቱን ገልብጦ መፈተሽ ነበር፤ ማንም አልተቀየመውም።

ያ የተጭበረበረው ዕጣ ተሽሮ በጨዋታው አበጋሮቹ እንደገና ወደ ቡዜ እየሄዱ እያሉ፣ መንገድ ላይ ሳሉ ማለቴ ነው፣ አቶ ወንድምአገኘሁ መጡ። የማኅበሩ ዓመታዊ በዓል ደርሷል፤ እንግዶች ይጋበዛሉ፤ ጨዋታችንን መድረክ ላይ እንድናሳይ ፈለጉ። አርባ ደቂቃ። መጨረሻውንም በወረቀት ጽፈው ነበር ይዘው የመጡት፦ ሽማግሌዎቹ ይለምናሉ፣ ቡዜ ያለቅሳል፣ ይታረቃሉ፣ ይተቃቀፋሉ፣ ይጨበጨባል።

"ዕጣው እምቢ ካለስ?" አለች ቢልቂስ።

"ዕጣውን ምን አመጣው? አውጥታችሁ አሥራ ስምንት ነው በሉ፤ ማን ያያል?"

"ተጫዋቾቹ ያያሉ።"

አቶ ወንድምአገኘሁ ትንሽ ገርሟቸው አዩዋት። "እርቁን የምትፈልጉት እናንተ አይደላችሁም እንዴ? እናንተ የምትፈልጉትን ነው የሰጠኋችሁ። ሁሉም ደስ ብሎት ቢሄድ ምን ትጎጃለሽ?"

"እኔም ድሮ እንዲህ ነበር የምለው" አለች ቢልቂስ።

እሳቸው አልገባቸውም፤ እኛ ግን ገብቶናል። "እንግዲህ" አሉ፣ "ክፍሉን የሚፈልግ ሌላ ሰው ሞልቷል። በዓሉ ካማረ የእናንተ እንደሆነ ይቀጥላል። ካላማረ እኔን አትውቀሱኝ።" ቢልቂስ አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ነካችው። "ጨዋታውን እናሳያለን" አለች። "ለመጨረሻው ግን ቃል አልገባም።" አቶ ወንድምአገኘሁ የሰሙት የመጀመሪያውን ብቻ ነበር፤ አመስግነው ሄዱ።

የበዓሉ ቀን አዳራሹ በፕላስቲክ ወንበር ሞልቷል። ተውፊቅ ጃኬት ለብሷል፤ የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ያምራል። እትዬ ፀሐይነሽ ከረጢቱን ጭናቸው ላይ አድርገዋል። ቢልቂስ ድምፅ ማጉያውን ወደ ጎን ገፋ አደረገችና መተረክ ጀመረች፤ አዳራሹ ጸጥ አለ። አበጋሮቹ ከእኛ ጋር ቡዜ ደጅ ደረሱ። ቢልቂስ የቡዜን ቃል ተናገረች። "ወንድሜ አፈር ውስጥ ነው" አለች፤ "እናንተ ደግሞ ደጄ ላይ ናችሁ።" የምታወራው ሴት መሆኗን ረስቼ ወደ ኋላ ተንፏቀቅኩ።

እትዬ ፀሐይነሽ ለመኑ። ምን እንዳሉ ሁሉን አላስታውሰውም፤ ልጃቸውን የቀበሩ ሴት ናቸው፣ ከየት እንዳመጡት አውቃለሁ። ከፊት የተቀመጠች ሴት እንባዋን ስትጠርግ አየኋት። ከዚያ እትዬ እጃቸውን ከረጢቱ ውስጥ ከተቱ፣ አወጡ፣ ሳያዩ ከፍ አድርገው ለሕዝቡ አሳዩ።

አራት።

አዳራሹ አጉረመረመ። አቶ ወንድምአገኘሁ ከፊት ወንበር ሆነው በእጃቸው "ድገሙት" አሉ። ቢልቂስ እንዳላየች ሆነች። ያን ጊዜ ተነሡና ፈገግ ብለው "ለእንግዶቻችን ክብር ሲባል አንድ ጊዜ ይደገም" አሉ በድምፅ ማጉያው።

"አቶ ወንድምአገኘሁ" አለች ቢልቂስ፣ "እርስዎ እቁብ የለዎትም?"

"አለኝ።"

"የወጣ ዕጣ ወደ ከረጢት ሲመለስ አይተው ያውቃሉ?"

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። "አራት ወጥቷል" አለች ቢልቂስ። "ቡዜ እምቢ ብሏል።" ክፍሉ እዚያች ላይ እንደሄደ አወቅኩ፤ እሷም ማወቋን አወቅኩ። መስኮቱ፣ ጦሳ፣ ረጅሙ ጠረጴዛ፣ ሁሉም በሁለት ቃል ሄደ። መልሳ ለማንሣት አንዲት ቃል ይበቃት ነበር፣ አልተናገረቻትም። ወደ እኛ ዞረችና "ምን ታደርጋላችሁ?" አለች።

አሁን እንዲህ ብላ ስትጠይቅ መልሱን በእርግጥ ሳታውቅ ነበር።

"አልነሣም" አሉ እትዬ ፀሐይነሽ። "አበጋር እምቢ ስለተባለ ይነሣል እንዴ? ደጁ ላይ እቀመጣለሁ። ውሃ ቢሰጠኝም አልጠጣም።"

ተውፊቅ ጉሮሮውን ጠረገ። ይህ ልጅ በዓመት ውስጥ "እቆርጠዋለሁ" ከማለት በቀር ሌላ ቃል ሲናገር ያልሰማሁት ልጅ ነው። "እኔም ሰይፌን አስቀምጬ አጠገባቸው እቀመጣለሁ" አለ። "የገደልኩት እኔ ነኝ። ቡዜ በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው እኔን ይሁን።"

ከኋላ አንድ ነጭ ጥምጥም ያደረጉ አዛውንት "እንዲህ ነው" አሉ። እኔ በቅሎ ነጂው ፈሪ ነኝ ብያችኋለሁ፤ እኔም ተቀመጥኩ። ቢልቂስ ቡዜ በሩን ዘግቶ እንደገባ፣ እኛ ግን ደጁ ላይ እንደቀረን ተናገረች። "የዛሬው እዚህ ላይ ነው" አለች። አቶ ወንድምአገኘሁ ብቻቸውን ሁለት ጊዜ አጨበጨቡ። ሕዝቡ አላጨበጨበም፤ አንዷ "ቆይ፣ ቡዜስ?" አለች፣ ሌላው "ሳይከፍት?" አለ፤ እየተከራከሩ ነው የወጡት።

ሰኞ ቁልፉ ተቀየረ። ቢልቂስ አሮጌውን ቁልፍ ከአንገቷ አወጣችና መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ አለቀሰች፣ አልደብቃችሁም። በቺፑዱ በኩል ሰማኋት። ሰማሁና መዶሻዬን አነሣሁ። ሚስማሩን አንድ በአንድ ነቀልኩ፣ ቺፑዱን ከነአቧራው ግድግዳ ላይ አስደገፍኩት። እሷ በእንባ ዓይኗ አየችኝ፤ ሁለቱ ሱቅ አንድ ሆኗል። የእኔ መቁረጫ ጠረጴዛና የእሷ መጠረዣ ጠረጴዛ ሲገጠሙ ከማኅበሩ ጠረጴዛ በሁለት ክንድ ይረዝማሉ፤ ለክቻለሁ። የቤቱ ባለቤት ይህን እስካሁን አልሰማም፤ ይህን ካነበበ ሰማ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አቶ ወንድምአገኘሁ ራሳቸው ወደ ሱቋ መጡ። ከተማው ውስጥ የሚያገኛቸው ሰው ሁሉ "ቡዜ ከፈተ?" እያለ ሳይጠይቃቸው አልቀረም፤ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል። በእጃቸው የጻፉት ቅጽ ነበር፤ እንድትተይበው ሰጧት። "ይህን ከሞላሽ ክፍሉ ይመለስላችኋል" አሉ። ቢልቂስ ተየበችው፤ ሁለት የፊደል ስሕተት አገኘችና አረመች፤ ልቧ እንደተመለሰ በዚያ አወቅኩ። ሁለት ኮፒ አትማ እስክሪብቶ አነሣች። የአጫዋች ስም፦ ቢልቂስ ጀማሉዲን። የተሳታፊዎች ብዛት፦ አራት። የታሪኩ መጨረሻ፦ አላውቅም። ፈርማ ሰጠቻቸው።

"እንዴት አላውቅም ይባላል? አጫዋቿ አንቺ አይደለሽም?"

"ነኝ" አለች ቢልቂስ። "ስለዚህ ነው የማላውቀው። አንዱ ኮፒ የእርስዎ ነው፣ ሌላውን ለፋይል ያስቀምጡት።"

እኔ ስፌቴን አቁሜ ነበር የምሰማው። እሳቸው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና ወጡ። ክፍሉ አልተመለሰም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ይህን ሁሉ ለሱሪው ባለቤት ነገርኩት። ሲሰማ ቆየና ስለ ዕቃ ዕቃው አንድም ነገር ሳያነሣ "ታዲያ ቡዜ ከፈተ?" አለኝ። እትዬ ፀሐይነሽ ቡዜ ደጅ ከተቀመጡ አራተኛ እሑዳቸው እንደሆነ ነገርኩት። ሦስት ጊዜ ዕጣ አውጥተዋል፣ ሦስቱም ጊዜ እምቢ ብሏል፤ አልተነሡም። ሱሪውን እሑድ ከሰዓት መጥቶ እንዲወስድ ቀጠርኩት፤ ወንበር ስለሌለን የሚቀመጥበትን ይዞ እንዲመጣም ነገርኩት።